ኪሎ ያልሞላው ኪሎ

ከደሴ ስወርድ፣ ሐረጎን፣ በሚኒባስ፣
ጆሮዬ ተደፍኖ፣ አንቆኝ የባንክ ልብስ፣
ጉልበቴ ላይ ቅጽ አለ፣ የብድር መጠየቂያ፤
«የድርጅቱ ተልእኮ» ይላል፣ ሦስት መስመር መሙያ።
ስንቱን ሞልቻለሁ! «ጥራት»፣ «ሀገር ማልማት»፣
ቃል ወለድ የለበት፣ ማን ሊጠይቅበት።

ኮምቦልቻ። ከቦርከና ወዲህ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
ቆርቆሮ በር፤ ጽሑፉ በመከራ የሚነበብ፦
«ሙህዬ ይመርና ልጆቹ፤ ሚዛን እንሠራለን፣
እንጠግናለን፣ እንፈትሻለን።»
«ሥራ አስኪያጇስ?» ብል ዘበኛው በአገጩ ጠቆመኝ፤
ከባስኩላ ሥር የተኛ፣ ቱታ የለበሰ እግር ታየኝ።
«ትንሽ ቆይ» አለኝ እግሩ።
ቆየሁ።
ወጣች፤ በግራሶ የጠቆረ መዳፏን አጥፋ፣
አንጓዋን ሰጠችኝ፣ ፊቷን እንደ ካዝና ቆልፋ።
ዘሀራ ሙህዬ፤ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ የቤቱ ሦስተኛ ልጅ፤
ሳቋን ያለ ደረሰኝ የማትሰጥ ለወዳጅ።
«ኩራተኛ» ብዬ ያዝኳት። ባንክ ነው የኖርኩት፤
የሰው ዋጋ እቆርጣለሁ፣ ገና በር ላይ ባየሁት።

መዝገቡን ገለጥን። ለገበሬ ማኅበር ሚዛን በዱቤ፤
ለገበያ ሴቶች በየወሩ ፍተሻ፣ በነጻ።
«ይህ እኮ ኪሳራ ነው» አልኩ።
«ነው» አለች። «ጻፈው።»
ምሳ ሰዓት ዳቦ ቆረሰች ለዘበኛው፤
ግራም የምትቆጥር ሴት፣ የሱን አበለጠችው።
ለኔም ቆረሰች። የኔ እኩል ነበር።

ሰኞ ዳገቱን ወጣን፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣
እንደ አራስ ልጅ አቅፋለች የብረት መለኪያ።
አንዱ በርበሬ ነጋዴ ገና ከሩቅ ሲያያት
ሚዛኗን ከጆንያ ሥር ወሸቃት።
ምስር ሻጯ ጦይባ ግን «ነይ እስቲ» ብላ ሰጠቻት።
ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ መዘነች፤
ደግማ መዘነች።
«እማ ጦይባ፣ ኪሎሽ በሠላሳ ግራም ይበልጣል፤
በሸጥሽው ቁጥር ሠላሳ ግራም ከእጅሽ ያመልጣል።»
አሮጊቷ ሳቀች፦ «እና ምን አለበት?
የበላው ሰው ጠግቧል፤ አላህ ይጨምርበት።»
የከበበን ሁሉ ሳቀ።
ዘሀራ ቀና አላለችም። ሞረዷን ይዞ እጇ ተንቀጠቀጠ።
ያኔ ነው የተጠራጠርኩት
በሩ ላይ የቆረጥኩትን ዋጋ።

ቢሮዋ። መሽቷል። ጥያቄውን አነበብኩላት፤
ዝም። ከአንገቷ ቁልፍ አወጣች፤ መሳቢያ ከፈተች፤
«ያዘው።»
አንድ ኪሎ። ብረት። አሮጌ።
«ገልብጠው።»
ሆዱ ተቦርቡሯል፤ ጉድጓዱ ተደፍኗል።
«ሰም ነው» አለች፤ «ወርቅ እንዳትፈልግበት።
በክፉው ዓመት አያቴ ይመር እህል ሸጠበት።
ስምንት መቶ ሠላሳ ግራም ነው ቢመዘን፤
መቶ ሰባዋ ከማን ጉሮሮ እንደተነጠቀች አላወቅን።
ስም የላት፣ አድራሻ የላት፣ ደረሰኝ የላት፤
ባለቤቷን የት አግኝተን እንክፈላት?
ሊሞት ሲል ለአባቴ ነገረው።
አባቴ ከቀብር ሲመለስ
ሱቁን ሸጠ፤ ሞረድ ገዛ።
ወንድሞቼ ‹ቦርከና ጣይው› ይላሉ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።
ብድሩ ለማሽን ነው።
ይህን አትጻፈው።»

ሐረጎን ስወጣ ጆሮዬ እንደገና ተደፈነ።
ብረቱን መልሼላታለሁ፤ መዳፌ ግን
ከታች ሲወርድ፣ ከላይ ሲነሳ፣
እንደ ገበያ ሚዛን አልረጋ አለ።
የነገረችኝን አልጻፍኩም።
ሦስቱ መስመር ላይ፣ በመጀመሪያው ብቻ፣
«መቶ ሰባ ግራም» አልኩ።

ሐሙስ፣ የቅርንጫፉ ኃላፊ ቅጹን መለሰልኝ፤
በቀይ አስምሮበት፣ «ያልተሟላ» ብሎ።

ልክ ነው።
አልሞላም።