ሰባት ሰው፣ አምስት ዳቦ

ቢያዊስቶክ ላይ በረዶ ይወርዳል፤
አራተኛ ፎቅ አንድ ስክሪን ይነዳል።
ዶብሮስዋፍ ካልሲ ደራርቦ አጥልቆ፣
ሻዩ ቀዝቅዞበት፣ ሎሚው ታች ተጣብቆ፣
ከኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሏል አጎንብሶ፣
ዓለምን ሊያቆማት ከፍርስራሽ አፍሶ።

እዚያ፣ በጨዋታው፣
ፀሐይ ከጠፋች ዘጠኝ ክረምት አልፏል፤
ጫካው ባቡር ጣቢያ ገብቶ ተንሰራፍቷል፤
ትኬት መሸጫው ላይ ነጭ ግንድ በቅሏል።
ከምድጃው ኋላ፣ ጢማሙ የቤት አድባር፣
ወተቱ ሲቀርበት እሳት የሚያባርር፣
ዶሞቪክ ይሉታል፤ ሌሊት ያጉረመርማል፤
አይጥ ጎተራ ስትገባ ቀድሞ እሱ ይሰማል።
የቀትር እመቤት ማጭዷን ተሸክማ፣
ፀሐይ በሌለበት፣ በቀትር ጨለማ፣
ሰው አልባውን እርሻ ትዞረዋለች፤
ቃርሚያ ለቃሚ ካገኘች
እንቆቅልሽ ትጠይቃለች።
ባለፈው ሳምንት ቪት ለጥቂት አመለጣት።

ሰባት ነፍስ አሉት ከአጥሩ ወዲህ።
«ስም ስጣቸው» ሲለው፣ ጨዋታው ሲጀመር፣
ብዙም አላሰበ፤ ጣቱ ነው የጻፈው፦
ያጎዳ። ሉቦሚር። ቼስዋቫ። ቪት።
ስታኒካ፣ ዜኖን፣ ትንሹ ራዶስት።
ሲጨርስ ነው ያየው፤
ሁሉም የምንጣፍ ፋብሪካው፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ሁሉም በመጋቢት ሥራቸው ያበቃ።

እንጨት፦ አርባ ሸክም።
ዳቦ፦ አምስት።
ተስፋ፦ ቀይ መስመር፣ ከጥፍር የቀጠነ።
ዛሬ ሌሊት ደግሞ የጫካው ጌታ መጣ፣ ሌሺ፤
ዛፍ መሐል ዛፍ ያህል፣ ሣር መሐል ሣር ያህል፣
ጢሙ የዛፍ ሽበት፣
ግራ ጫማው በቀኝ፣ ቀኝ ጫማው በግራ፤
ቆመና ከበሩ፣ ስም ሳይጠራ ጠራ፦
«አንድ ሰው ስጡኝና ክረምቱ ይውጣላችሁ፤
እምቢ ካላችሁኝ በረዶው ቤታችሁ።»

ዶብሮስዋፍ ሂሳብ ያዘ። ለምዶበታል ሂሳብ።
ቪት ያስላል፤ ይበላል፤ እንጨት አይፈልጥም።
ቼስዋቫ ቅጠል ታውቃለች፤ እሷማ አትሰጥም።
ዜኖን አርጅቷል፤
ያጎዳ...
እጁ ማውሱ ላይ ቀረ።

መጋቢት ነበረ።
ቢሮው ሞቃት፣ መጋረጃው ወፍራም፤
«ከአርባ ሁለት ሰው ሰባት ስም» አለው፤ ሌላ አልተናገረም።
ፎርማን ነው፤ ያውቃል ማን እንደሚያረፍድ፣
ክር ሲበጠስበት ማን እናቱን እንደሚጠራ።
እስክሪብቶው አራተኛው ስም ላይ ደረቀበት።
ወጣ፤ ከማሽኑ ሥር ያጎዳን ጠየቃት፤
ከጆሮዋ ጀርባ አውጥታ ሰጠችው፤
ሰማያዊ ነበር፣ ጫፉ የተነከሰ።
«መልስልኝ፣ እሺ?» አለችው።
ሰባተኛውን ስም በሷው እስክሪብቶ ጻፈ፤
እስክሪብቶውን ግን አልመለሰ።

ስክሪኑ ይጠብቃል።
ራሱን ፈለገ ከሰባቱ መሐል፤ የለም።
አለቃ አይላክም፤ እንዲህ ነው የተሠራው ይህ ዓለም።
ያስቀመጠው አለ፤ ወደ ትናንት ቢመለስ፣
ጎተራው ሙሉ ነው፣ ሌሺ ገና ሳይደርስ፤
አንድ ቁልፍ ነው፣ አንድ።
አልነካውም።
በሩን ከፈተ፤ ሰባቱንም ሰደደ።
ከፊት ያጎዳ፣ ራዶስትን በእጇ ይዛ፣
ከኋላ ቪት እያሳለ፣ ባንድ ፋኖስ።
አንድ ለጠየቀ ሰባት ሲመጡለት
ሌሺ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ።
አፈረ? ወይስ ቦታ ለቀቀላቸው?
ዶብሮስዋፍ አላየም፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ነበር።

ሊነጋጋ ነው። ያጎዳ ገበያ ናት በዚህ ሰዓት፤
የደረቀ እንጉዳይ በክር ትሰካለች፣ ምንጣፍ በለመደ ጣት።
መሳቢያውን ከፈተ፤
ሰማያዊ፣ ጫፉ የተነከሰ።
ካፖርቱን ለበሰ።
ጫማውን በጨለማ አጥልቆ ደረጃውን ወረደ፤
ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሩን ቆረቆረው፤
ጎንበስ ብሎ አየ በደረጃው መብራት፦
ግራው በቀኝ ገብቷል፣ ቀኙ ደግሞ በግራ።

ተቀመጠ ደረጃው ላይ።
ማሰሪያው ጠብቋል፤ ጣቱ ደንዝዟል፤
እየፈታ ነው።