ከመግሪብ በኋላ

ቀኑንስ አልፈራም፣ ቀኑን ለምጃለሁ፤
ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ምሳ ጎመን ብቻ በልቼ እውላለሁ።
ፈረንጅ አራዳ፣ ከሱቄ በረንዳ፣ ሲንገሬን ስረግጥ
ሆዴን ከነስሙ ረስቼው ይመሻል፣ የሰው ሱሪ ስቆርጥ።

ሜትር ባንገቴ ነው፤ የሰፈሩን ወገብ በቁጥር አውቃለሁ፣
ማን ሠርጉ ካለፈ ስንት ጣት ሰፋበት፣ ምስጢር እይዛለሁ።
የራሴን አልለካም። ልጄ ሂንዲያ ናት አንድ ቀን በጨዋታ
ሜትሩን በሆዴ አዙራ አምጥታ
“መቶ አሥራ ስምንት!” ያለች፣ ደንበኛ ፊት፣ ያለ አንዳች ይሉኝታ።

ዶክተር ጫልቺሳም ወረቀቴን አይቶ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
“ስኳር በር ላይ ቆሟል፣ ዘበኛው አንተ ነህ” አለኝ ድምፁን ቀለል አድርጎ።

ችግሩ ምሽት ነው።
የጅሬን ኮረብታ ጥላውን ሲለብስ፣ አዌቱ በዝናብ ሲያጉረመርም ማታ፣
አዛን ሲሰማ
ብድግ ይላል ሆዴ፣ ቀን ሙሉ የተኛው፣ እንደ ገበያ ቀን ሂርማታ።

ጥፋቱ የኔ አይደለም እላለሁ ለራሴ፤ ረመዳን ነው ያስለመደው፣
ሠላሳ ቀን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ ውሎ መግሪብ ሲል አፍ የሚያስከፍተው።
ወሩ ወጣ፣ ዒድ ሆነ፣ ሸዋልም ገባ፣ ጨረቃም ተቀየረ፣
ለሆዴ ግን ወሬውን ማንም ሳይነግረው ቀረ።

ቆርቆሮው አለ። ፉአድ ሕፃን ሳለ የዱቄት ወተቱ የነበረበት፣
አሁን ገብስ ከለውዝ ጋር ተቆልቶ የሚኖርበት።
ክዳኑ ጠላቴ ነው። ቀስ ብዬ፣ በጥፍሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ባነሣው
“ጯ!” ይላል፣ ጎረቤት እንደሚቀሰቅስ ሰው።
አንድ ጭብጥ ብቻ። ከዚያ ሌላ አንድ፣ የመጀመሪያዋ እንዳይከፋት፤
ሦስተኛዋን ደግሞ “የመጨረሻ ናት” ብዬ ልምልባት።

“ከራት በኋላ በእግርህ ሂድ” ብሎኛል ሐኪም። እሺ፣ ሄድኩለት፤
መንገዱ በየት እንደሚያልፍ እሱ መች ጠየቀኝ፣ እኔስ መች ነገርኩት?
በባጃጁ ተራ፣ በቆሎ ሲንጣጣ በከሰሉ ጢስ ውስጥ፣
ረውዳ ሳምቡሳ ከዘይት ስታወጣ፣ ስታገላብጥ፣
“ጋሽ ነስሩ፣ ትኩስ ነው!” ስትል ሰማኋትና፣ ባልሰማ ላልፍ ብዬ፣
ልቀንስ የወጣሁ ጨምሬ ገባሁኝ፣ አፌን ጠርጌ፣ ጨዋ መስዬ።

ሙፈሪያት ቆርቆሮውን ሸሸገች። ቁም ሣጥን ላይ፤ አገኘሁት።
ከጤፉ በርሜል ጀርባ፤ አገኘሁት።
ከሂንዲያ የትምህርት ቦርሳ ሥር፤ እሱንም፣ አፈርኩ እንጂ፣ አገኘሁት።

ባለፈው ረቡዕ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፤
እንዲህ ያለው ሌሊት ጆሮ ይደፍናል፣ ለሌባ ይመቻል።
በዳበሳ ገባሁ። ግድግዳ። በርጩማ። አንድ እግሩ ቅልጥሜን መታኝ፣ ሕመሙን ዋጥኩት፤
ቆርቆሮውን ነካሁ፤ ክዳኑ ተከፍቷል። እጄን ሰደድኩት።
ሌላ እጅ ነበረበት።
ሞቃት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ቀለበቱን አወቅሁት፣ እኔው የገዛሁት።

“ነስሩ?”
“ሙፈሪያት?”
ጨለማው ዝም አለ። ከዚያ ሳቀች፤
“ፉአድ ሐዋሳ ከሄደ ወዲህ ምሽቱ ይረዝማል፣ ጥርሴ ሥራ ይፈልጋል” አለች።

ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ሃያ ላንቺ፣ ሃያ ለኔ፣
ገብስና ለውዙን በጣት እየዳበስን ቆጠርን፤
(ሁለት ጨምሬአለሁ፤ እሷም ሳትጨምር አትቀርም፣ አልተጠያየቅንም።)
ክዳኑን ገጠምን። “ጯ!” አለ፤
በዚህ ዕድሜ እንደ ልጅ ደነገጥን።

ጠዋት ሱቅ ከፍቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሜትሩን በወገቤ አዞርኩት፤
መቶ አሥራ ሰባት ተኩል። ደግሜ ለካሁት።
ግማሽ ሳንቲ ናት። ለሙፈሪያት ልንገራት ወይስ ልሸሽገው?
ደግሞ ትዝ አለኝ፣ ይህ ሜትር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤
ሜትርም ያረጃል፣ እንደ ሰው ይላላል፣
እሱ ሲለጠጥ ነው የሰው ሆድ የቀነሰ የሚመስል።

ደንበኛ ገባ። ሱሪውን አቀበለኝ። “ትንሽ አስፋልኝ” አለ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ።
“ማታ ማታ ነው?” አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝ፣ ቃል አልተናገረም።
ሜትሩን ዘረጋሁት።