የላመን ሜዳ መዛኝ

ሥራዬን ብትሉኝ፣
ማለዳ ላሞቹን ከሜዳው ማባረር፣
የነፋሱን ከረጢት እንጨቱ ላይ ማሰር፣
ከዚያ ሚዛን ማውጣት ከመጋዘን ጓዳ፣
ሰው መመዘን ነው፣ በላመን ሜዳ።

መንደሩ ያውቀኛል፤ ማንም አያፍረኝም፣
ቄሱም ጫማ አውልቆ ይወጣል፤ አይለኝም
«ምን አገባህ አንተ በሥጋዬ ጉዳይ?»
ትንሽ ናት አውሮፕላኗ፤ ቄስ ከዱባ አትለይ።
ለእሷ ሁሉም ኪሎ፦
ቦዬው በኪሎ፣ ካቫው በኪሎ፣ ሙሽራ በኪሎ፤
አንዴ የመጣ የምክር ቤት ሰው እንኳ
ከነቦርሳው ተመዝኖ ገባ አንገቱን አቀርቅሮ።

ስምንት ወንበር አላት፤ ከአብራሪው ጎን ደግሞ አንዲት ሌላ ቦታ፣
እዚያ የተቀመጠ፣ ሁለት ወር ሙሉ አያጣም ጨዋታ።
ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች ይላል፣ ግድግዳው ላይ ያለው፤
ደመናው ከወደደ፣ ጎማዋ ካልተነፈሰ፣
የአምብሪም እሳተ ገሞራ አመዱን ካላፈሰሰ።
ያኔም ትመጣለች፣ ወይም አትመጣም፤
እኛም ሰማይ አይተን በሰማይ አንቆጣም።

ሌይማራን አውቃታለሁ።
በሐምሌ መጥታ ነበር፣ ባሏ ካልታክ ክንዷን ተደግፎ፣
ሳሉ አጎንብሶት፣ ኮቱ ከትከሻው ተርፎ።
እሷ ሰባ አንድ፤ እሱ አርባ ስምንት።
«እንደ ልጅ ቀለልክ» ብዬ ቀለድኩበት።
ሳቀ። እንደሳቀ ሄደ ወደ ቪላ ሆስፒታል፤
መጨረሻ ያየሁት ጥርሱን ነው ማለት ይቻላል።

በአስራ ሰባተኛው ቀን፣
ያችው አውሮፕላን፣ ያው አብራሪ ተቪ፣ አራት ወንበር ተነቅሎ።
ወረቀቱን ሰጠኝ። ከተሳፋሪው ዓምድ ካልታክ ወጥቷል፤
ከታች፣ «ዕቃ» በሚለው ሥር፣
«አንድ። መቶ ሁለት ኪሎ።»
ፈረምኩ። ሥራዬ ነው።
ግን ያን ማታ ቁጭ ብዬ ቀነስኩ፣ ደመርኩ፤
ሣንቃው ስንት ነው፣ ምስማሩ ስንት ነው፣
ሰውየው ስንት ቀረ እያልኩ አደርኩ።

ባለፈው ዓርብ ደግሞ መጣች።
ልጇ ሳንቶ ላይ ወልዳለች፤
ቦዬ በቅርጫት፣ ሰሌን ጠቅልላ፣ አውራ ዶሮ በብብት።
(ዶሮው ትኬት የለውም፤ ጭኗ ላይ ነው የሚሄደው፤
ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ጩኸቱ ሳይቆጠርበት።)
ወጣች ሚዛኑ ላይ።
ስልሳ።
አስራ አንድ ኪሎ የት እንደሄደ
አልጠየቅኋት፤ አልነገረችኝ።
ቅርጫቷን አንስቼ በእጄ፣ «ቀጣይ» አልኩ፤
ድምፄ ግን አልወጣልኝ።

ድምሩ ሞላ። ከሞላም አለፈ፣ በአስራ አራት።
ተቪ ወደ ሜዳው ጫፍ አገጩን አመለከተ፤
እዚያ ሳሩ ያልቅና ባሕሩ ይጀምራል፤
ባሕር ደግሞ አያውቅም ምሕረት።
ሁሉም የየራሱን ጫማ ማየት ያዘ።
ሌይማራ ጎንበስ አለች፣ ቦዬዋን ልትቀንስ፤
አንዱን አወጣች፣ መለሰችው፣ ሌላ አወጣች፣
የትኛውን ለልጅ ልጇ ትንፈግ?

«ተይው እናቴ» አለ ሮሊን፣ የካቫ ነጋዴው፤
ጆንያውን ጎትቶ ሳሩ ላይ ጣለው፣
ራሱም ተከትሎት ወረደ።
«እኛ ሰኞ በመርከቡ ነን፤ ካቫ ባሕር አያዞረው።»
ሰው ሁሉ ሳቀ።
ገበያው ግን ቅዳሜ ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣
ማንም አላለውም።

ተነሣች አውሮፕላኗ፣ ከሳሩ ጤዛ እያረገፈች፤
ከሞተሩ ድምፅ በላይ ያ ዶሮ ይጮኻል፣
መስኮቷ ላይ አንዲት መዳፍ ነበረች፣
ቀጥሎ ነጭ ነገር፣ ቀጥሎ ሰማይ።

ሮሊን ጆንያው ላይ ተቀምጦ ሚዛኔን አየና፣
«አንተስ ስንት ነህ?» አለኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስመዝን፣ አንድ ቀን እንኳ ያልሄድኩ ሰው፣
ምን ልበለው?
ላሞቹ ተመልሰው ገቡ ሜዳው ላይ።
«ላባርርልህ?» አለ።
ተዋቸው አልኩት። እስከ ማክሰኞ ነው።