አራተኛው ልክ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በተሐድሶ ክፍል፣
ግራ እግሬ ተጋድሟል፣ የሌላ ሰው ይመስል።
ይታይሽ ዝቅ ብላ አነጣጠረች፣
በጨረር ሽጉጧ፣ «ሠላሳ ነው» አለች።
በፕላስተር የታሰረው ሽቦ ግን እየማለ
«ሠላሳ ሁለት ነው፣ ከነፍርፋሪው» አለ።
ካሜራው ሠዓሊ ነው፤ ባቴን ቢጫ ቀባ፣
አውራ ጣቴን ደግሞ የተልባ አበባ።
ሦስቱ ሲከራከሩ እኔን ምን ቸገረኝ?
እግሬ ከሐምሌ ወዲህ ምንም አልነገረኝ።

ዲግሪ አላት ይታይሽ፣ እጇ ግን የለውም፤
ታጥባ መጥታ ነበር፣ ጨርቅም አልነካውም።
ጀርባውን ባቴ ላይ አሳረፈችው።
«ውይ!» አልኩኝ፣
«እጅሽ ይቀዘቅዛል!»

ዝም አለች። ጻፈች፣
መዝገቧ ጠርዝ ላይ፣ ከሦስቱ ቁጥር ማዶ፦
«ዛሬ እግሩ እጄን ለካ፤ ንባቡ፦ በረዶ።»