ወራጅ አለ

የዶልፊኔ ቴፕ ከካሴት በቀር አይቀምስም ሌላ፤
እሱንም አኝኮ አኝኮ ክሩን ጎልጉሎ ይተፋል ኋላ።
ስንቱን ዘፈን ፈጀብኝ!
በእስክሪብቶ ጠምጥሜ፣ በጥፍር ቀለም ቀጥዬ ባድነው፣
ማግስቱን ሐረጎ ላይ ደግሞ ይበላዋል ያንኑ ያዳንኩትን ነው።

ቢቸግረኝ ሸዋበር ሄድኩ፣ እንድሪስ ጠጋኙ ዘንድ፤
ከሬዲዮ ሬሳ መሐል ቁጭ ብሎ ሽቦ ከሽቦ ሲያዛምድ።
«እንካ» አለኝ፤ ሐሰተኛ ካሴት፣
ሆዷ ክር የሌለው፣ የሽቦ ጭራ ያላት።
«ቴፕህ እውነት መስላው ይውጣታል፤
ጭራዋን ከማጫወቻ ስካው፣ ሳይወድ በግዱ ይዘፍናል።»

እውነቱን ነው። ዋጠ፤ ዘፈነ።
ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ፣ መቶ አርባ ዘፈን አዝላ
ከማርሹ ጎን ተቀመጠች፣ በላስቲክ ተንጠልጥላ።
ሽቦዋ አጭር ነው ብቻ።
ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ክርኔ ይነካታል፤
ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ደሴ ከጉሙ ጋር ከኋላ ሲቀር፣
ሶኬቱ ሸተት ይላል፤
አይወጣ፣ አይገባ፣ ግማሽ መንገድ ይቆማል።

ያኔ ነው ጉዱ።
ክራሩ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ጭብጨባው አለ፤
ተቀባዮቹ ሳይቀሩ ከሩቅ፣ እንደ ማዶ ሠርግ፤
ዘፋኙ ብቻ ከመሐል ጎደለ።
ሙሄ ረዳቴ በሩን በመዳፉ ጠፍጥፎ፣
«ወራጅ አለ!» ይላል፤ «ዘፋኙ ወረደ ሒሳቡን ዘርፎ!»

እንድሪስን ብጠይቀው መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣
«ቀኝና ግራ እኩል የያዙት ነው የሚጠፋው» አለኝ።
«መሐል የቆመ ይጠፋል፤ ዳር ዳር ያለው ይተርፋል።»
ገባኝ አልልም።

ሉባባ የሌሊት ፈረቃ ናት፣ ጨርቃ ጨርቅ።
ስሟን ከደረት ካርዷ ነው ያነበብኩት፤
ከኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ጥግ፣ ቃል አይወጣት።
ጠዋት ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ፤
ማታ ስትወርድ ግን ምንም፤ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ነው የምታስደግፍ።
አንድ ማታ ዘፋኙ እንደ ልማዱ ሲወርድ፣
ሙሄ አፉን ከፍቶ ሊቀልድ፣
እሷ ቀደመችው፤ ለእኛ ሳይሆን ለመስታወቱ፦

«ክር ሲበጠስ ሌሊት እቋጥረዋለሁ፣
ያንተን ጫፍ ነው እንጂ የት አገኘዋለሁ።»

ሙሄ ሒሳብ መቀበል ረሳ።
ሶኬቱን ልገፋው የዘረጋሁት እጄ
መንገድ ላይ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ክርኔ ዐውቆ አጥፊ ሆነ።
በርበሬ የጫኑ አዛውንት በሻከረ ጉሮሮ ሞከሩት፤
ከቦሩ ሜዳ የመጣ ተማሪ ግጥሙ ጠፋበት፣ በ«ላ ላ» ሞላው፤
አንድ ወታደር አፉን ሳይከፍት አብሮ አንጎራጎረ፤
ቦርከና ዳር ሜዳው ሲገኝ ዘፋኙ ከች ይላል፣
እንደ ቤት ባለቤት፣ በራሱ ስንኝ መሐል፤
ሁሉም ያኔ አንገቱን ወደ ሻሹ፣ ወደ ጋቢው ይሰበስባል።

ባለንብረቱ አቶ አራጋው በጥር አዲስ ቴፕ አስገጠመ።
ሽቦ የለ፣ ጭራ የለ፤ ስልክ ከሩቅ ይጠራዋል፣ ይዘፍናል።
ድምፁ ወንበር ያርገበግባል።
ሐረጎን ከላይ እስከ ታች ዘፋኙ አብሮን ይወርዳል፣
አንዴም አይስት፣ አንዴም አይደክም፤
ሙሄ «ወራጅ አለ» የሚለው አሁን ለእውነተኛ ወራጅ ነው።

ሉባባ ያን ሰሞን ተሳፈረች።
ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ግንባሯን ከመስታወቱ አነሳች፤
በስፖኪዮ አየኋት፤ ጠበቀች፤
አራተኛውም አለፈ።
ፋብሪካው በር ስትወርድ፣ ዝርዝሯን እጄ ላይ አድርጋ፣
«ምነው ሞላ?» አለችኝ።
መኪናውን መስሎኝ፣
«የለም» አልኳት፣ «አንድ ሰው ይቀራል።»

ባዶዬን ሽቅብ ስመለስ፣ ብርዱ በመስኮት መግባት ሲጀምር፣
እዚያው መታጠፊያ ላይ ገባኝ።
ሐሰተኛዋ ካሴት በጓንቲው ሳጥን ናት፣
በሩ አይገጥምም፤
ጭራዋ ወጥቶ በየኩርባው ይወዛወዛል።