አርባ ሰባት

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ዳር፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት፣
አዝራር የሞላ ጠርሙስ አለ፤ ቁጥሩ አርባ ሰባት።
ዛሬ አዝራር ይያዝ እንጂ ያኔ መድኃኒት ነበረ፤
ወይም መድኃኒት አልነበረም፤ ነገሩ ከዚህ ጀመረ።

ድዴ ይደማል። ክር በጥርሴ ስበጥስ፣
ነጭ ገብቶ ቀይ ይወጣል፣ የሰው ኩታ ላይ ሊፈስ።
ጫማ ሰፊው ሙሄም ብሶበታል፣ ጉንጩን ይዞ ያድራል፤
«ዩኒቨርሲቲው ጥናት አለው» ቢሉን፣ ወጣን፤ ምን ይቀራል?
ጦሳ ጉሙን ሳይገልጥ ገና።

በረንዳው ላይ የኩታበር ሰው፣ የሐይቅ ሰው፣ ያገሩ ድድ ተሰልፏል፤
ረውዳ ወረቀቱን ታነባለች፣ ማንበብ የማይችልም ይሰማል፦
«ጥርሳችሁ ይታጠባል፣ ብሩሽ ሁላችሁም ታገኛላችሁ፤
በዚያ ላይ አንዳንድ ጠርሙስ፣ ማታ ማታ ትጉመጠመጣላችሁ።
ግማሹ አዲሱ መድኃኒት ነው፣ ግማሹ የጨው ውሃ፤
ቀለሙ አንድ፣ ሽታው አንድ። ማን የቱን እንደያዘ፣ እኔም እንጃ።
ዶክተር አበጋዝም አያውቅም፤ የሚያውቀው የታሸገው እጣ ነው።
መተው ያማረው ይተው፤ ለምን አይባልም፤ ሕክምናው ያው ነው።»

ሙሄ በክርኑ ጎሸመኝ፦ «አንተ! አላውቅም የሚል ሐኪም!»
እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ይሄን ነገር አላጣሁትም፤
በዓይኔ ገምቼ፣ «ወገቡን አውቀዋለሁ» ብዬ፣
ስንት ሱፍ ፈጅቻለሁ፣ ስንት ደንበኛ ሸኝቻለሁ አስቀይሜ።
ዓይን የወደደውን ያያል፤ ሜትር ግን ወዳጅ የለው።
ፈረምኩ። ሙሄም «ቢስሚላህ» ብሎ አውራ ጣቱን አሳረፈው።
ለኔ አርባ ሰባት፣
ለሱ አርባ ስምንት።

ሦስት ሳምንት። የሙሄ ድድ ደረቀ፣ የኔው ያው ደም።
«አዲሱ የኔው ነው!» አለ፤ ደስታው ግን አላደረም፤
ማግስቱን መጣ፣ ጠርሙሱን ከኮቱ ሥር አውጥቶ፦
«አብሽር! ሰው ለብቻው ይድናል እንዴ ጎረቤቱን ትቶ?
እንቀላቅለው።» እንዲህ ያለን ሰው እምቢ እንዴት ይሉታል?
በሻይ ብርጭቆ ተካፈልን፣ ጠብታ እንኳ ሳይጎድል።

በቀጠሯችን ረውዳ መብራቷን አፌ ውስጥ አብርታ፣
«የታዘዘውን ብቻ ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ተረጋግታ።
ሙሄ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔ የሰው ሱሪ አሳጥሬ
«ልክ ነው» ያልኩበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ነገርኳት አፍሬ።

አልተቆጣችም። ጻፈች፦ ቀኑን፣ መጠኑን፣ በስንት ብርጭቆ።
«ደግ አደረጋችሁ» አለች። «ብትደብቁኝ፣ ውሃ ያዳነውን
መድኃኒት አዳነው እንል ነበር፤ ነገ ወረኢሉ ላይ
አንዲት እናት በጓን ሸጣ ትገዛዋለች።»
ሙሄ ያኔ አንገቱን ደፋ።
ለካ ደግነትም፣ ልኩ ሳይያዝ፣ የሰው በግ ኖሯል የሚያጠፋ!

«ብሩሽህስ?» አለችኝ ደግሞ።
ብሩሼ ከነላስቲኩ ነበር።
የሙሄ ግን ፀጉሩ ረግፏል፤ ጫማ እንደሚወለውል ነው የሚቦርሸው፣ ያ ሰው!

ዓመት ዞሮ እጣው ሲከፈት አዳራሽ ተጠራን፤
አበጋዝ ሳያፍር ቆሞ፣ እንደ ሠርግ ዜና ነገረን፦
«አዲሱ ከጨው ውሃው አልበለጠም። ጠርሙሱ የቱም ይሁን፣
ደሙ የቆመለት የቦረሸው ነው።»
ከኋላ አንዱ አጉረመረመ፦ «ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ?»
ለኔ ግን አንዲት በግ ታየችኝ፣ ሳትሸጥ ስትግጥ፣ ወረኢሉ።

የኔ አርባ ሰባት አዲሱ ኖሯል፤ የሙሄ የጨው ውሃ።
ሆዱን ይዞ ሳቀ፦ «ጨው አካፍዬህ ነው ለካ የኮራሁት!
ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ!» እያለ፣ እስከ ገበያው፣ መንገዱን ሙሉ።

ጠርሙሱን ለምኜ ወሰድኩት፤ አዝራር ተቀምጦበታል።
ክር ዛሬም የምበጥሰው በጥርሴ ነው፤
ነጭ ገብቶ
ነጭ ይወጣል።