አንቱ

ሐኪሟ መሣሪያዋን ሆዷ ላይ እያንሸራተተች
"ወንድ ይሁን ሴት ልንገራችሁ?" ብላ ጠየቀች።
ወይንሸት ዓይኗን ጨፈነች፤
"ይቆየን" አለች።

ስለዚህ ስም ፈለግን፣ በሱ ፎልስ ከተማ፣ ደጁን በረዶ ዘግቶብን፣
ለወንድ የማይጠብ፣ ለሴት የማይሰፋ፣
ተጠርቶ የማያሳፍር፣ ተጽፎ የማይጠፋ።
እናቷ በስልክ ሳቁብን፦
"ምን ያስጨንቃል? ወንድ ከሆነ ይሁን፣ ሴት ከሆነች ትሁን፣
ቀሪውን መልአኩ ያውቃል፤ እናንተ አልጋውን አንጥፉልን።"

እኔ ራሴ ስንታየሁ ነኝ።
ሰባተኛ ክፍል ሌላ ስንታየሁ ነበረች፣
"አቤት" በማለት ሁልጊዜ የምትቀድመኝ፤
መምህሩ የፈተና ወረቀት ሲመልስ
የሷ ዘጠና ለእኔ፣ የእኔ አርባ ለሷ ሲደርስ፣
አንድ መንፈቅ ሙሉ ጎበዝ ሆኜ አለፍኩኝ።
ስም ሱሪ አይደለም፣ ለሁለት ይበቃል፤ ያኔ ነው ያወቅኩኝ።

ስሙን ያገኘሁት ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ፣
ከስጋ ፋብሪካው ደጅ፣ መኪኖች በተደረደሩበት ቦታ።
"ደቡብ" የሚለውን በረዶ ሸፍኖት
በየሰሌዳው የቀረው፦ ዳኮታ። ዳኮታ። ዳኮታ።
በአፌ አላመጥኩት፤
ዳ፣ ዳገት። ኮ፣ ኮቴ። ታ፣ ታኅሣሥ፤
ቀጠሮውም ታኅሣሥ ነው፣ ሐኪሟ ከቆጠረችው ሲደርስ።

ወይንሸት ሳቀች። በምትሠራበት የሕፃናት ማቆያ
ሦስት ዳኮታ አሉ፣ ሁለት ሴት አንድ ወንድ፤
አንዴ ስትጠራ ስድስት ዓይን ይዞራል፣
አፍንጫውን ያልጠረገው ጠረጴዛ ሥር ይገባል።
"እንደ ጎመን ዘር ነው፣ የትም ይበቅላል።"
"ይብቀል" አልኩ፣ "ብዙ እግር የረገጠውን መንገድ
መች በረዶ ይይዘዋል?"

ለቨርና ሬንቪል ነገርኳት፣ ከጎኔ ለምትቆመው፣
ሃያ ሁለት ዓመት ካርቶን ላይ መለያ ለለጠፈችው።
እጇን አላቆመችም።
"እሱ የመሬት ስም አይደለም። የኛ ነው፣ የሰው፤
መሬቱ ነው ከኛ የተዋሰው፣
ሳይመልሰው።"
አንድ ለጠፈች። ሌላ ለጠፈች።
"ወዳጅ ማለት ነው። አያቴ ቃሉን ስትናገር
ካርታ አልነበረም የሚታያት፤
ለመጣ ሰው ከእሳቱ ዳር
ፈቀቅ ማለት።"

ስጋው በሰንሰለቱ አለፈ።
"ልተወው?" አልኳት።
"አንተ ታውቃለህ። ግን ወዳጅ ብለህ ስም ካወጣህ ዕዳ አለው።
የሚለጠፈውንማ ይኸው፣
እኔ ስለጥፈው ነው የምውለው።"

ያን ማታ ለወይንሸት ነገርኳት፤ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም።
ከዚያ ሌላ ነገር ገጠመን።
ስሙ ለሁለቱም ይሆናል፣ አማርኛችን ግን አይሆንም፤
ግሱ ሱሪ ወይ ቀሚስ ካልለበሰ ከቤት አይወጣም።
"ና" ልበል? "ነይ" ልበል?
ሆድ ውስጥ ላለ ሰው "ተኛ" ነው ወይስ "ተኚ" የሚባል?
ወይንሸት ትራሷን ደግፋ፣
እንደ ደብር አለቃ ጉሮሮዋን ጠርጋ፦
"ዳኮታ፣ እንዴት አመሹ?
እባክዎ ቀስ ይበሉ፣ የሚረግጡት ጎድኔን ነው።"

ከዚያ ወዲህ አንቱ ነው።
ሦስት ኪሎ ያልሞሉ ትልቅ ሰው።
"ይብሉ፣ ይተኙ፣ ውጭው ብርድ ነው፣ አይቸኩሉ፤
ሲመጡም ደርበው።"

ትናንት ቨርና አንድ መለያ ሰጠችኝ፣
ስሙን በእጇ የጻፈችበት፣ ጀርባው ያልተላጠ።
"እንዳትለጥፈው" ስትል አስጠነቀቀችኝ።
ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከፋብሪካው መታወቂያ ጋር።

እንግዲህ አንቱ፣ ወንበሩን ስበናል፣
ከማሞቂያው ዳር ፈቀቅ ብለናል።
ይግቡ።